ማሳየትና መጠበቅ

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት፣ በምሠራበት ባንክ የቀኑን ሒሳብ ዘግቼ፣ የዘመሮን ብርድ በጋቢ እየተከላከልሁ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ደካማ ስለ ነበር ፎቶው ቶሎ አልጠራም። በመጀመሪያ የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነበር፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ወርቃማ፣ በመካከሉ አንዲት ጥቁር ነጥብ። እንደ ሎተሪ ዕጣ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅሁ።

ሲጠራ፣ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ አየሁ። የአንገቱን ጠጉር ነፋስ ወደ ኋላ ይመታዋል፤ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ሌጣ ቆዳ እንደ ፍም በርታለች። ከእግሩ ሥር ጉም ተኝቷል። ከጀርባው የተዘረጋው ሣር የጠዋት ፀሐይ ነክታው ወርቅ መስሏል። ጓደኛዬ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ውስጥ አለ? የት ይሆን? ሰሜን ተራሮች ነው አይደል?»

ሰሜን ተራሮች አይደለም። ገደሉን አውቀዋለሁ። ከዚያ አፋፍ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው የይፋትን ቆላ በጉሙ መካከል ቁልቁል ያየዋል። ቦታው ጓሳ ነው፤ የእናቴ አገር።

ውድ አንባቢያን፣ መንዝን ለማታውቁ ጥቂት ልናገር። እኔ የምኖርባት ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። ጓሳ ያለው ደግሞ በጌራ ምድር በኩል፣ መንዝ ወደ ምሥራቁ ገደል በሚያበቃበት ጠርዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከእርሱ ጀርባ ላይ የሚወርደው ዝናም ግማሹ ወደ ምዕራብ ወርዶ ዓባይን ይገብራል፤ ግማሹ ወደ ምሥራቅ ተንዶ አዋሽን ይቀላቀላል። እናቴ ከጓሳ ሥር ከምትገኝ አንዲት መንደር ተድራ ወደ ቀያ የመጣች የጌራ ልጅ ናት።

ያን ማታ ስልኬን ይዤ ወደ እርሷ ሄድሁ። እሳት ዳር ተቀምጣ የበግ ጠጉር ታባዝት ነበር። «እማዬ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» ብዬ አቀበልኋት። ስልኩን ከዓይኗ አርቃ፣ መልሳ አቅርባ፣ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ስለ ጭላዳው ግርማ አንድ ነገር ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ሣሩ ደርሷል፤ መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች።

በዚህ ጽሑፍ የማወራው ስለዚህች አንዲት ጥያቄ ነው። እኔና ጓደኛዬ ያየነው ጭላዳውን ነበር። እርሷ ያየችው ሣሩን ነው። እኛ ውበት አየን፤ እርሷ ደግሞ ያን ውበት ጠብቆ ያቆየውን ሕግ አየች። መንዝ የሰምና ወርቅ አገር ነውና እንዲህ ብል አይፈረድብኝ፦ በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ጭላዳው ሰሙ ነበር፤ ወርቁ ከኋላው ያለው ሣር ነበር።

እናቴ «ይከፈታል» ያለችው ቀሮ የሚባለውን የአባቶች ሥርዓት አስታውሳ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ጓሳን ለሁለት ተካፍለው ለዘሮቻቸው በጋራ አወረሱት። የጋራ የሆነ ነገር ግን ጠባቂ ያስፈልገዋልና፣ ባለ መብቶቹ አባ ቀራ የተባለ አለቃ ይመርጡ ነበር። ጓሳ ለዓመታት ይዘጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜ አምስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ማንም ሣር አያጭድም፣ ጨረንፌ አይነቅልም፣ ከብት አያሰማራም። የደፈረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋው መካከል፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት የሚከፈትበት ቀን ይታወጃል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ማገዶው፣ ከዚያ ግጦሹ ይከተላል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ በሐምሌ አቦ፣ ሰውም ከብቱም ይወጣል፤ ጓሳም መልሶ ይዘጋል።

እናቴ ይህን ሥርዓት በልጅነቷ ደርሳበታለች። የመክፈቻው ዋዜማ ሌሊት ምን ይመስል እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አጫውታኛለች። ሰው ሁሉ ማጭዱን ስሎ፣ አህያውን ጭኖ፣ ከድንበሩ ወዲህ እሳት አንድዶ ያድራል። ድንበሩን የሚያሳይ አጥር የለም፤ ግን እግሩን ወደዚያ የሚያነሣ አንድ ሰው የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሕፃናቱ በባና ተጠቅልለው በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ያንቀላፋሉ። ጎሕ ሲቀድ ይፈቀዳል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይገባል። ያ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለእረኛው የዝናም ገሳ ይሆናል። አያቴ የሠሩላት ገሳ ከክረምቱ ሁሉ እንዳዳናት ስትናገር፣ ስለ ሐር ካባ የምታወራ ትመስላለች።

ሁሉም ነገር መልካም ነበር ለማለት አይደለም። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ለሚል እንጂ ለሁሉም አልነበረም፤ ከዘሩ ውጭ የሆነ ጭሰኛ ሣሩን ከሩቅ ያያል እንጂ አይነካውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ያ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። ማንም ያሻውን የሚያጭድበት፣ ጠርዙ የሚታረስበት ዘመን መጣ። ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ቀበሌ በቀበሌ ተደራጅቶ፣ በአዲስ መልክ፣ የዘር ሐረግ ሳይቆጥር ጓሳን እንደገና ጠበቀው። ዛሬም ጓሳ የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ኢኮኖሚክስ ነው። ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ይላል፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ለራሱ ያተርፋል፣ ኪሳራውን ግን ሁሉም ይካፈለዋልና። ለፈተና ይህን ሳጠና፣ አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሐሳብ ሲያስተባብሉ እንደ ኖሩ አልታየኝም ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን በራሳቸው ሕግ ሊጠብቁ እንደሚችሉ በማሳየቷ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ስትቀበል፣ እኔ ሽልማቱን በሩቅ ያለ የሰው ነገር አድርጌ ነው የሰማሁት። የቤቴን መጽሐፍ ያነበብሁት ዘግይቼ ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ። የአገራችንን አራዊት ለዓለም ያሳዩ ፎቶ አንሺዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ንፉግ እሆናለሁ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በኤፕሪል 2017 እ.ኤ.አ. እትሙ የጓሳን ጭላዳዎች በጄፍሪ ከርቢና በትሬቨር ቤክ ፍሮስት ካሜራ አሳይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሪካርዶ ማርኬጃኒ የተባለ ጣሊያናዊ ወጣት በሰሜን ተራሮች ያነሣው ፎቶ፣ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዓመቱ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት ዘርፍ አሸነፈ። አንዲት እናት ጭላዳ የሳምንት ልጇን ከሆዷ ሥር አንጠልጥላ፣ ገና ፀሐይ ሳይወጣ በገደሉ አፋፍ ስትራመድ ያሳያል። ያን ፎቶ አይቶ እናቱን የማያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንዳንዱ ፎቶ ደግሞ ከማስደሰት አልፎ ያስተምራል። በ2024 እ.ኤ.አ. በባሌ የተደረገ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ አድሪያን ለሳፍር ያነሣቸው ምስሎች አብረውት ወጡ። ቀይ ቀበሮ፣ ያ አይጥ አዳኝ፣ እንደ ችቦ የቆመ የደጋ አበባ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲልስ ይታያል። ማር እየቀመሰ ነው! ከአፍንጫው ላይ የአበባው ብናኝ ተለጥፏል፤ ይህን ይዞ ወደ ሌላው አበባ ይሄዳል። አጥኚዎቹ አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ እንደሚጎበኝ ቆጥረዋል። ሥጋ በሊታ ነው ያልነው አውሬ የንብ ሥራ እየሠራ ሳይሆን አይቀርም።

በራሳችን በጓሳም ሌላ ድንቅ ነገር ታይቷል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል፣ እንደ ጎረቤት፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የቪቬክ ቬንካታራማንና የባልደረቦቹ ጥናት ምክንያቱን በቁጥር አስቀምጦታል። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ነው፤ በመንጋው መካከል ሲሆን ግን ወደ 67 ከፍ ይላል። አይጦቹ ምናልባት በጭላዳው ግርግር ይደናገራሉ፤ ወይም ቀበሮው ከመንጋው ጋር ተመሳስሎ አይታያቸውም። የእናቴ ወንድም ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ይህንንም ያጠናሉ? እኛ በእረኝነታችን ስናየው አልነበር?» አሉኝ። አይተውታል፤ ግን ያዩትን ለማን ያሳዩ ነበር? ስለዚህ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው። ያልታየ ነገር የሚቆረቆርለት አያገኝም።

ይህን ሁሉ አምኜ ሳለሁ፣ ያን ማታ ለጓደኛዬ «ጓሳ ነው» ብሎ መመለስ ከበደኝ። ምክንያቱን ለመናገር ሰባት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ሳላቃልል እናገረዋለሁ።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ወደ እናቴ አገር ሄጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ፣ እረኛ ነው፣ «ቡችሎች ላሳይህ?» አለኝ። ሌሊት ተነሥተን፣ ውርጭ የነጣውን ሣር እየረገጥን ሄድን። ከአንዲት ጅረት ማዶ፣ በትንሽ ተረተር ላይ፣ ከጅብራ ሥር ጉድጓድ ነበር። በሩቅ በሆዳችን ተኝተን ጠበቅን። ፀሐይ ሲወጣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቡችሎች ብቅ አሉ። አንዱ የሌላውን ጅራት ይነክሳል። እናቲቱ ቀይ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ እግሯ ረጅም፣ ቆማ ወደ እኛ አቅጣጫ ተመለከተች፤ ከዚያ ተኛች። በተበደርሁት ካሜራ አነሣኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ እኔ በአንድ ማለዳ አምስቱን አየሁ።

ማታውኑ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍሁት። ፎቶው ብቻውን አልበቃኝም፤ ግጥም ጨመርሁበት። ግጥሙም አልበቃኝም፤ ቦታውን ጻፍሁ። በየትኛው ጅረት ማዶ እንደ ሆነ፣ ከመኪናው መንገድ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ሁሉንም። ሰው ሁሉ መንዝን ይወቅልኝ የሚል ስሜት ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከመንዝ ይልቅ እኔ እንድታወቅ ሳልፈልግ አልቀረሁም። ፎቶውን ብዙ ሰው ወደደው፤ ብዙ ሰውም ተቀባበለው። በየሰዓቱ ስልኬን እየከፈትሁ ቁጥሩን እቆጥር ነበር፤ መቁጠር ሥራዬ ነውና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስድስት ወጣቶች በመኪና መጥተው ስሜን እያጠያየቁ ባንኩ በር ላይ አገኙኝ። ጨዋ ልጆች ነበሩ። ግጥሜን በቃላቸው ይዘው መጥተዋል፤ ይህ ደግሞ ገጣሚ ነኝ የሚልን ሰው ምን እንደሚያደርገው እናንተ ታውቃላችሁ። እሑድ ጠዋት እኔው መራኋቸው። በጥብቅ ስፍራው ጽሕፈት ቤት በኩል ገብተን፣ የመግቢያውን ከፍለን፣ ስካውት ይዘን መሄድ ሲገባን፣ «እኔ አገሩን አውቀዋለሁ» ብዬ በአቋራጭ ወሰድኋቸው።

በሩቅ መተኛት አልሆነላቸውም፤ የስልክ ካሜራ ከሩቅ አያመጣም። ጥቂት ቀረቡ፤ ከዚያም ጥቂት። በመጨረሻ አንደኛው ስልኩን በዘንግ ጫፍ አስሮ ወደ ጉድጓዱ አስገባው። እናቲቱ ከማዶ ተረተር ላይ ቆማ ትጮህ ነበር። ጩኸቷ ቀጭንና አጭር ነው፤ ይደጋገማል። አንዷ ልጅ «ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እየተቀበለችን ነው» አልሁና ሁላችንም ሳቅን። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመለስሁ። ከጉድጓዱ አንድም የሚወጣ አልነበረም። ቀትር እስኪሆን ጠበቅሁ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰምቼ ስዞር፣ ካፖርት የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የጓሳ ጠባቂ ቆመዋል።

«የባንኩ ልጅ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ፎቶህ እኛም ዘንድ ደርሷል። ልጄ ነው ያሳየኝ።» ጥቂት ዝም አሉና ቀጠሉ። «በዚያው ሌሊት በአፏ እያንጠለጠለች አጋዘቻቸው። ብርዱ የዚያን ሰሞን ክፉ ነበር። አራት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እኔ ያየሁት ሦስት ነው። አራተኛው ይኑር አይኑር እንጃ።»

የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸውም አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ከዱላቸው ላይ ተደግፈው በእርጋታ ጠየቁኝ፦

«ለመሆኑ አንተ፣ እኔ ባንክ ያለኝን ብር ስንት እንደ ሆነ ለሰው ትናገራለህ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ! ወንድምዎ ቢጠይቀኝም አልናገር።»

«ታዲያ የእሷን ቤት ለምን ተናገርህ?»

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በመስኮት ተቀምጬ ብር የምቆጥር ሰው ነኝ። በቀኑ መጨረሻ በእጄ ያለውና በመዝገብ ያለው አንድ ካልሆነ ከወንበሬ አልነሣም። አንድ ብር ብትጎድል ሌሊት እስኪሆን ወረቀት አገላብጣለሁ፤ ካላገኘሁ ከኪሴ እከፍላለሁ። ያን ቀን ግን የጎደለው አንድ ቡችላ ነበር፤ ከ500 ባነሱት መካከል አንድ። ይህ ጉድለት በየትኛው መዝገብ ይፈለጋል? ከየትኛው ኪስስ ይከፈላል? ሞቶ ይሁን በሌላ ሣር ውስጥ አድጎ ይሁን ዛሬም አላውቅም። ሒሳቡ አልተዘጋም።

ያን ማታ ፎቶውን ከገጼ አጠፋሁት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌሎች ቀድመው ወስደውታል፤ ቦታውን ከነደቂቃው ጽፈው ያሰራጩት ነበሩ። አንድ ጊዜ የተለጠፈ ነገር እንደ ተሰጠ ብር አይደለም፤ ቆጥረህ አትመልሰውም።

ለረጅም ጊዜ አንድም ፎቶ አላወጣሁም። ግጥምም አልጻፍሁም። ማሳየት ራሱ ኃጢአት ሆኖ ታየኝ። እየቆየሁ ሳስበው ግን ይህም ሌላ ስሕተት ነው። ዓለም ስለ ቀይ ቀበሮ የሚጨነቀው አንድ ሰው አንሥቶ ስላሳየው ነው። እንግዳ ወደ ጓሳ መጥቶ የሚከፍለው ገንዘብ ለሕዝቡ የሚደርሰው ጓሳ ስለ ታየ ነው። ደግሞስ አያቶቼ ጓሳን ለዘለዓለም ዘግተውት ቢሆን ኖሮ፣ የሚቀጥለው ትውልድ ስለ ምን ይጠብቀው ነበር? ቀሮ መዝጋት ብቻ አልነበረም፤ መክፈትም ነበር። ጥበቡ ያለው መቼ፣ ለማን፣ እስከ ምን ድረስ የሚለውን በማወቅ ላይ ነው። ቅጣት የነበረው ጓሳ ለገባ ሁሉ አልነበረም፤ ሳይከፈት ለገባ ነበር።

ስለዚህ ለራሴ ትንሽ ቀሮ አበጀሁ። የጉድጓድና የጎጆ ፎቶ ወልደው ሳሉ አላወጣም፤ ቡችላው አድጎ፣ ጉድጓዱም ተትቶ፣ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን «መንዝ፣ ጓሳ» እላለሁ እንጂ ጅረቱንና ተረተሩን አልጠራም። ስልክም ሆነ ካሜራ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በሆዱ ደብቆ እንደሚያኖር ተምሬ፣ ያን ማጥፋት ለመድሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር በፎቶው ውስጥ የማይታየውን እጽፋለሁ፦ ይህን ሣር ያቆየው ሕዝብ ነው፤ ዛሬም በብርድ የሚዞርለት ጠባቂ አለ። ዓለም «ሰው ያልደረሰበት ገነት» እያለ የሚያደንቀው ምድር ሰው የደረሰበት፣ ደርሶም እጁን የሰበሰበበት ምድር ነውና።

ያን የኅዳር ማታ ስልኬን ከእናቴ ከተቀበልሁ በኋላ፣ ለጥያቄዋ መልስ ሰጠኋት። «የሚከፈትበትን ቀን ኮሚቴው ነው የሚወስነው፣ እማዬ፤ እኔ አላውቅም» አልኋት። «ደግ» አለች፤ «የሚያውቅ ሰው ካለ ደግ።» ወደ ጠጉሯም ተመለሰች።

ከዚያ ለጓደኛዬ ጻፍሁለት፦ «ጓሳ ነው፤ መንዝ፣ የእናቴ አገር። መንገዱ ሰላም ሲሆን ና። ስትመጣ ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሂድ፤ ከፍለህ ግባ፤ ስካውቱ ቁም ባለህ ቦታ ቁም። ከጭላዳው ኋላ ያለውን ሣር ሳታይ እንዳትመለስ።»

«ቀይ ቀበሮስ? አንተ ታውቃለህ ይባላል፤ የት ነው የማገኛት?» ብሎ ወዲያው መለሰልኝ።

ኔትወርኩ እስኪመለስ ጠብቄ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የጻፍኋትን ይህችን ግጥም ላክሁለት፤ እናንተም ተካፈሏት።

ሣሩን ያየ ሁሉ፣ ሣር ብቻ መሰለው፣
ከሥሩ የቆመን ጠባቂ ሳያየው።
አሳየኝ ያልከኝን አሳይሃለሁ፣
ደብቅ ያለችኝን ግን እደብቃለሁ።
በሩ ክፍት ነውና በበሩ በኩል ና፤
ጓሮዋን አትጠይቅ፣ ልጆች አሏትና።